ሰሚር ያዘዘኝ ላስቲክ

የምሠራው ነገር ትክክለኛ ስሙ ረጅም ነው። የጥናቱ ርዕስ ላይ “በሰውነት ውስጥ ሟሙቶ የሚጠፋ ተለጣጭ ፖሊመር” ይላል፤ ቦንጋ ግን ለረጅም ስም ትዕግሥት የላትም። ከዩኒቨርሲቲው ጥበቃዎች እስከ ዲኑ ድረስ “የኸይሪያ ላስቲክ” ነው የሚሉት። መጀመሪያ ሰሞን ያናድደኝ ነበር፤ ያን ሁሉ ዘመን ተምሬ መጥቼ ፌስታል የምሠራ አስመሰሉኝ እያልኩ አኮርፍ ነበር። ስሙን ያወጡት እትዬ በዛወርቅ ናቸው፣ የላብራቶሪያችን ቴክኒሺያን። የቦንጋ ተወላጅ ናቸው፤ ሲቆጡ በካፊኖኖ ይጀምሩና በአማርኛ ይጨርሳሉ፤ እሳቸው ያወጡት ስም ደግሞ አይነቀልም።

ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው። ልብ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ይኮማተራል፣ ይዘረጋል፣ እንደገና ይኮማተራል። የተቀደደ ልብ በደረቅ ነገር ቢጣፍ፣ ልቡ ሲዘረጋ መጣፊያው እምቢ ይላል። ስለዚህ መጣፊያው አብሮ የሚለጠጥ፣ ሲለቁትም ወደ ቦታው የሚመለስ መሆን አለበት። ሥጋው አድጎ ቦታውን ሲይዝ ደግሞ ማንንም ሳይመርዝ ሟሙቶ መሄድ አለበት። እኔ የምሞክረው ከጉሎ ዘይት ነው። ጉሎ እዚህ አገር በየአጥሩ ሥር ይበቅላል፤ ፍሬውን ከሺሺንዳ ገበያ አስመጣለሁ። ዘይቱን ከሲትሪክ አሲድና ከግሊሰሪን ጋር አዋህጄ፣ አየሩ በፓምፕ በሚመጠጥ ኦቨን ውስጥ ቀናት አቆየዋለሁ። እዚያ ውስጥ ሞለኪውሎቹ ቀስ እያሉ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። ቶሎ ከወጣ እንደ ማር ያጣብቃል፤ ከቆየ እንደ ደረቅ ቂጣ ይሰበራል። መሀል ላይ መብራት ከጠፋ ደግሞ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። ቦንጋ መብራት አይጠፋም የሚል ሰው ቦንጋን አያውቃትም።

ሰሚር ታናሽ ወንድሜ ነው። ጅማ ከእናታችን ጋር ነበር የሚኖረው። ልጅ ሳለ ቶንሲል እየተመላለሰ ይይዘው ነበር፤ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ ሕመሙ ወደ ልቡ ወረደና የልቡን በሮች አበላሻቸው። ለቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ ተራ ይዞ ነበር። ተራው ግን አልደርስ አለ፤ እኛም ስለ ተራው ማውራት እየተውን መጣን።

የእኔን ሥራና የእሱን ሕመም አገናኝተው ታሪክ የሠሩ ሰዎች ብዙ ነበሩ። “ለወንድሟ ልብ ነው የምትሠራው” ይሉ ነበር። እኔ ግን ወንድሜን ዋሽቼው አላውቅም። አንድ ቀን በስልክ ቁርጡን ነገርኩት።

“ይሄ ነገር ላንተ አይደርስም ሰሚር። መጀመሪያ አይጥ ላይ ይሞከራል፣ ከዚያ በግ ላይ፣ ከዚያ ምናልባት እኔ ጡረታ ስወጣ ሰው ላይ።”

“ለልቤ ማን ጠየቀሽ?” አለኝ እየሳቀ። “ለእጄ ነው የምፈልገው።”

ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ሊጠይቀኝ ቦንጋ መጣ። ማንኪራ ጫካ ካልሄድኩ ብሎ አስቸገረኝ፤ የዱር ቡናውን አያለሁ አለ። መንገዱን ትንሽ እንደሄድን ትንፋሽ አጠረውና አንድ ግንድ ላይ ተቀመጠ። ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። እኔ አጠገቡ ቆሜያለሁ፤ እሱ ግን “ከዚህም ሆኖ ጥሩ ይታያል” እያለ ዛፍ ላይ የተሰቀሉትን ቀፎዎች ይቆጥራል። አንድ ባለ ቀፎ መጥቶ አብሮት ተቀመጠና ሲያወሩ ዋሉ። ወደ ላይ ያለውን ጫካ ሳናየው ተመለስን።

በማግስቱ ላብራቶሪ ይዤው ገባሁ። እትዬ በዛወርቅ ወንበር አመጡለት፤ ማንም ነጭ ጋወን ሳይለብስ እንዳይገባ የሚቆጡት ሴትዮ የራሳቸውን ጋወን አለበሱት። ሰሚር ከተበላሹት ናሙናዎች አንዷን አንስቶ በሁለት እጁ ጣቶች ያዛትና ሳባት። እጁ ላይ ተበጠሰች። የተበጠሰውን ሁለት ቁራጭ ትክ ብሎ አየው።

“ሲሳብ የሚመለሰውን ስትሠሪ አምጪልኝ ኸይሩ” አለ። “መጀመሪያ የምስበው እኔ ነኝ። ማሽን እንዳይቀድመኝ።”

“አንተ ሳትስበው ማንም አይስበውም። ወላሂ” አልኩት።

ይህን የማልኩት እንደ ቀልድ ነበር። ግን ማልኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ በቦታው ሆኜ አላየሁትም፤ ከፊሉን በኋላ ነው የነገሩኝ። በተራው ልናገረው።

ኦቨኑን ያበራሁት እሱ ወደ ጅማ ከተመለሰ ከወራት በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ ነበር፤ የሚከፈተው ዓርብ ከሰዓት ነው። ሐሙስ ጠዋት አጎቴ ከጅማ ደወለ። የደወለው ለእኔ አይደለም፤ ለእትዬ በዛወርቅ ነው። ቁጥራቸውን ያገኘው ከሰሚር ነው፤ ሰሚር ቦንጋ በመጣ ጊዜ ይዞት ነበር። እንዲህ አላቸው፦ “ሰሚር ሆስፒታል ገብቷል። ደክሟል። እህቱን እየጠራ ነው። ብቻዋን እንዳትሰማና መንገድ ላይ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው ወደ እርስዎ የደወልኩት፤ እባክዎ ከሰው ጋር አድርጋችሁ ላኩልን።”

ይህን ሰምቶ “ደክሟል” ማለት ደክሟል ማለት ነው ብሎ የሚያምን ሰው ካለ አሳዩኝ። እኛ አገር ስልክ ተደውሎ፣ ያውም ለጎረቤት ወይም ለባልደረባ ተደውሎ፣ እገሌ ትንሽ አሞታል ላኳት ከተባለ እገሌ ሞቷል። መርዶ በስልክ አይነገርም። ልጁን ወይ እህቱን በሰበብ ይዘው ይሄዳሉ፤ ቤተ ዘመድ በተሰበሰበበት፣ በጠዋት፣ ሰው ደግፎ ይዞ ያረዳል። ደግ ወግ ነው። ብቻውን መርዶ የሰማ ሰው ምን እንደሚሆን ሁላችንም ሰምተናል።

የዲፓርትመንታችን ኃላፊ አቶ ከፈለኝ ናቸው። አባታቸው ጎጃም የሞቱ ጊዜ “ትንሽ አሟቸዋል” ብለን መኪና ውስጥ አስገብተን የወሰድናቸው እኛ ነን። እኔም በዚያ መኪና ውስጥ ነበርኩ፤ መንገዱን ሙሉ ስለ ፈተና ፕሮግራም እያወራሁ ላዘናጋቸው ስሞክር ነበር። እና እትዬ በዛወርቅ እንባቸውን ጠርገው ቢሮ ሲገቡ፣ ከአቶ ከፈለኝ የበለጠ ነገሩ የሚገባው ሰው አልነበረም።

በር ዘግተው ተመካከሩ። አቶ ከፈለኝ እንዲህ አሉ ይባላል፦ “እነሱ ዘንድ ቀብር አይቆይም፤ ዛሬውኑ ይቀበራል። ሮጠን ብንወስዳት ለቀብሩ አትደርስም። ለመርዶው ደግሞ ጠዋት ነው ወጉ። ሥራዋ ነገ ያልቃል። አሁን ከኦቨኑ ፊት ነጥቀን ብንወስዳት ወንድሟንም ልፋቷንም ባንድ ቀን ታጣለች። ነገ ትጨርስ፣ እህል ትቅመስ፣ ትረፍ፣ ቅዳሜ ሲነጋጋ እንወስዳታለን።”

ማንም አልተቃወመም። መልሶ ደውሎ “በእርግጥ ሞቷል ወይ?” ብሎ የጠየቀም የለም። እንዲህ ተብሎ አይጠየቅማ። ሐዘን ላይ ላለ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ማቅረብ ነውር ነው። አቶ ከፈለኝ ለአጎቴ የደወሉት “ይዘናት እንመጣለን፣ አይዟችሁ” ለማለት ብቻ ነው። አጎቴም “አላህ ይስጥልን” ብሎ ዘጋ።

ያን ሐሙስ እኔ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው ሁሉ ድንገት ደግ ሆነብኝ። እትዬ በዛወርቅ መጥተው “ዋጫ ያለችው እህቴ ጋ ልደውል፣ የኔ ስልክ ባትሪ ጨረሰ፣ ላንድ አፍታ ስጪኝ” አሉኝ። ሰጠኋቸው። አልመለሱልኝም። ስጠይቃቸው “ቤት ረሳሁት ልጄ፣ ነገ አመጣለሁ” አሉ፤ በነጋታውም ሌላ ሰበብ ሰጡኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እጣላ ነበር፤ ግን ዓይኔም ልቤም ኦቨኑ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። ለአንድ ጀሪካን ናፍጣ ስንት ቀን የሚያመላልሱኝ አቶ ከፈለኝ ራሳቸው ጀሪካን አንጠልጥለው እየሮጡ መጡ። ክራባታቸው ላይ ናፍጣ ፈሶበታል። ጄኔሬተሩ ሲነሳ “ይኸው፣ አይቋረጥብሽም” አሉኝ፤ ድምፃቸው ሰለለ። እኔ ሞኟ በመጨረሻ ለምርምር ክብር መስጠት ጀመሩ ብዬ ደስ አለኝ።

ዓርብ ከሰዓት ኦቨኑን ከፈትኩ። ከእነዚያ ሁሉ የተበላሹ ናሙናዎች በኋላ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ሳህኑ ላይ ስስ፣ ጥርት ያለ፣ ቢጫማ ቅጠል የሚመስል ነገር ተኝቷል። በጣቴ ጫፍ ጫን አደረግኩት፤ አላጣበቀም። ስለቀው የጣቴ ምልክት ቀስ ብሎ ጠፋ። በምላጭ ቀጫጭን አድርጌ ቆራረጥኩት፤ ጠርዙ አልተሰነጠቀም። እንደ ልጅ ዘለልኩ። እትዬ በዛወርቅን አቅፌ አሽከረከርኳቸው።

“ሳቢው እንግዲህ” አሉኝ። “ሳቢና እንየው።”

“አልስብም።”

“ለምን?”

“ሰሚር ነው መጀመሪያ የሚስበው። ቃል ገብቼለታለሁ።”

ሴትዮዋ ፊታቸውን በጋወናቸው ሸፍነው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። እኔ ደስታ መስሎኝ ጀርባቸውን እየደባበስኩ አባበልኳቸው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር በራሴ እናደዳለሁ፤ ሞለኪውል በዓይነ ኅሊናዬ ሲያያዝ ይታየኛል የምል ሰው ፊት ለፊቴ የቆመን ሐዘን አላየሁም።

አቶ ከፈለኝ ቅዳሜ ለጅማ መኪና መፈቀዱን ነገሩኝ። እዚያ የመለጠጥ አቅም የሚለካ ማሽን አለ፤ ለናሙናው ቀጠሮ ለማስያዝ አብረን እንሄዳለን አሉ። ቅዳሜ፣ ለቀጠሮ፣ መኪና ከሾፌር ጋር! ያኔም አልገባኝም። የታየኝ የሰሚር ፊት ብቻ ነው። ከቆረጥኳቸው መሀል በጣም ያማረችዋን መርጬ በትንሽ ክብ የመስታወት ሳህን ውስጥ ከደንኳትና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት።

ሲነጋጋ ወጣን። የሾፌሩ ስም ደጉ ነው፤ ያለ ዘፈን የማይነዳ ሰው ሬዲዮውን አልነካም። ከኋላ እኔን መሀል አስቀመጡኝ፤ በአንድ በኩል አቶ ከፈለኝ፣ በአንድ በኩል እትዬ በዛወርቅ። ጉም መንገዱን ሸፍኖታል። እኔ ስለ ናሙናዬ እለፈልፋለሁ፤ እነሱ “አዎ”፣ “እሺ”፣ “ጎበዝ” ይላሉ። ወደ ጎጀብ ስንወርድ ሙቀቱ መጣ። እትዬ በዛወርቅ ካፖርታቸውን ሲያወልቁ ከሥሩ ጥቁር ቀሚስ ለብሰዋል።

ቀሚሱን አየሁት። ከዚያ የተቀመጥኩበትን ቦታ አየሁት። የአቶ ከፈለኝ አባት የሞቱ ጊዜ እሳቸውን ያስቀመጥናቸው መሀል ነበር፤ በድንጋጤ በሩን ከፍተው እንዳይዘሉ። እኔ ያኔ በበሩ በኩል ነበርኩ።

“ምን ተፈጠረ?” አልኩ።

“ማንም አልሞተም” አሉ አቶ ከፈለኝ።

“ማን ሞተ አላልኩም እኮ።”

ደጉ በመስተዋቱ አየኝና ዓይኑን ሰበረ። እትዬ በዛወርቅ እጄን ያዙኝ። “እማዬ ናት?” ስል ወደ መስኮቱ ዞሩ። “ሰሚር ነው?” ስል እጄን የበለጠ ጨመቁት። ከዚያ ወዲያ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ከጎጀብ እስከ ሸቤ፣ ከሸቤ እስከ ጅማ አለቀስኩ። ወንድሜን በልጅነቱ እያነሳሁ፣ ግንዱ ላይ ተቀምጦ ቀፎ ሲቆጥር እያነሳሁ፣ ሳትስበው፣ ሳትስበው እያልኩ አለቀስኩ። እነሱም አብረውኝ አለቀሱ። ደጉ ሁለቴ መኪናውን አቁሞ ፊቴን በውሃ አጠበኝ። ደጎች ናቸው፤ ይህን የምለው እየመረረኝ ነው።

ቤታችን በር ላይ ስንደርስ ደግፈው አወረዱኝ። እትዬ በዛወርቅ ወጉ እንደሚያዘው ገና ከበሩ ጮኸው አለቀሱ፤ እኔም ጮህኩ። ግቢው ውስጥ ግን ድንኳን የለም። ሰው የለም። ከጎረቤት እትዬ አስካለማርያም እጃቸው ሳሙና እንደሆነ እየሮጡ ወጡ።

“ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ?”

“ሰሚር…” አልኩ።

“ሰሚር?” እትዬ አስካለማርያም ደረታቸውን ያዙ። “መቼ? ትናንት ማታ እኮ አጥሚት አድርሼለት ነው የመጣሁት። ሁለት ማንኪያ ቀምሶልኛል። ‘ኸይሪያ መጣች?’ ሲለኝ ነበር።”

አቶ ከፈለኝ በሩ ሥር ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እትዬ በዛወርቅ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ፤ ልቅሷቸው መሀል ላይ ተቆርጦ ቀረ። ከሁላችን በፊት የተንቀሳቀሰው ደጉ ነው፤ ሮጦ መኪናውን አስነሳ። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። እውነቴን ነው፤ ከዚያ ቤት እስከ ሆስፒታሉ ድረስ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አልሞተም፣ አልሞተም እያልኩ የደጉን ወንበር ከኋላ እደበድብ ነበር።

እናቴ ኮሪደሩ ላይ ወለል ላይ ተቀምጣለች። ስታየኝ አልተነሳችም። “አሁን መጣሽ?” አለች። ቁጣ አልነበረባትም፤ ቁጣ ቢኖርባት ይሻለኝ ነበር።

“እስከ ማታ ይናገር ነበር” አለኝ አጎቴ። “ጎህ ሲቀድ ነው ዝም ያለው። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ የሚደረግ የለም አሉ።” ከዚያ ወደ እትዬ በዛወርቅ ዞረ። “ሐሙስ እኮ ነው የደወልኩልዎት። የሦስት ሰዓት መንገድ ነው፤ ይዘናት እንመጣለን ስላላችሁን በየሰዓቱ ደረሱ ስንል ነበር።”

እትዬ በዛወርቅ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። “ሞቷል ብለን ነው” አሉ። “በሕይወት መኖሩን ብናውቅ ኖሮ በዚያችው ሰዓት ይዘናት እንበርር ነበር።”

“ደክሟል እኮ ነው ያልኩዎት። እህቱን እየጠራ ነው አልኩ።”

“እኛም ሰው ሲሞት እንደዚያ ነው የምንለው” አሉ።

አጎቴም ስንት ጊዜ እንደዚያ ብሏል። በዚያ ኮሪደር ላይ በሕይወቱ እንደዚያ ያላለ ሰው አልነበረም።

እትዬ በዛወርቅ ቦርሳቸውን ከፍተው ስልኬን አውጥተው ሰጡኝ። ሲበራ ያልተመለሱ ጥሪዎች ተከታትለው ገቡ። ሰሚር። ሰሚር። ሰሚር። ከሐሙስ ከሰዓት ጀምሮ፣ ከራሱ ስልክ።

“ስሙን ሳየው ዘመድ በሟቹ ስልክ የሚደውል መሰለኝ” አሉ እያለቀሱ። “አላስችል ሲለኝ ነው ያጠፋሁት። ልጄ፣ እኔን ይድፋኝ።”

ስልኩን እናቴ ጭን ላይ አስቀምጬ ገባሁ።

ሰሚር ዓይኑ ተከድኗል። አፍንጫው ላይ የኦክስጅን ቱቦ አለ፤ ደረቱ ወደ ላይ ይነሳና ይቆያል፣ ከዚያ ይወርዳል። “ኸይሩ ነኝ” አልኩት። “መጣሁ።” ቅንድቡ እንኳ አልተነቃነቀም። እጁን ያዝኩት፤ ጣቶቹ ቀዝቅዘዋል፣ ጥፍሮቹ ጠቁረዋል። ይቅርታ ልል ፈልጌ፣ አንተ ስትጠራኝ እኔ ኦቨን እየጠበቅሁ ነበር ልል ፈልጌ፣ አልወጣልኝ አለ። ቦርሳዬን ከፈትኩ።

ሳህኑን ከፍቼ ላስቲኳን አወጣኋት። አንዱን ጫፍ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሀል አደረግኩና ጣቶቹን በእጄ ገጠምኳቸው። ሌላውን ጫፍ በሌላ እጁ ጣቶች አስያዝኩት። ከዚያ ሁለቱን እጆቹን በሁለቱ እጆቼ ይዤ ቀስ ብዬ አራራቅኳቸው። ተለጠጠች። እስከዚያን ጊዜ ያልተሳበች ነበረች፤ ትበጠሳለች ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ። አልተበጠሰችም። እጆቹን አቀራረብኳቸው፤ ወደ ነበረችበት ተመለሰች። እንደገና አራራቅኳቸው፤ እንደገና ተመለሰች።

“ተመለሰች ሰሚር” አልኩት። “እያት። ሠራሁልህ።”

ያ ልብ፣ ያ በሩ የተበላሸ ልብ፣ እስከ ቀትር ድረስ ተዘረጋ፣ ተኮማተረ። ከዙሁር አዛን በፊት አረፈ። የዐስር ሶላት ሳይደርስ ተቀበረ። እነሱ ዘንድ ቀብር አይቆይም ያሉት አቶ ከፈለኝ በዚህ እንኳ አልተሳሳቱም። ድንኳኑን የተከሉት እሳቸውና ደጉ ናቸው፤ ቦንጋ ሳይመለሱ ሦስቱን ቀን በሙሉ ደጅ ላይ ውሃ ሲቀዱና ወንበር ሲያመላልሱ ሰነበቱ። እትዬ በዛወርቅ ከእናቴ አጠገብ አልተነሱም።

ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ። እትዬ በዛወርቅን አልጠላቸውም፤ አንዳንድ ቀን እጠላቸዋለሁ፣ ከዚያ ምሳ ይዘውልኝ ሲመጡ አብሬያቸው እበላለሁ። ስለዚያ ሐሙስ አንስተን አናውቅም። የቀሩትን ቁርጥራጮች ለብ ባለ የጨው ውሃ ውስጥ አስቀምጠናቸዋል፤ በየሳምንቱ እያወጣን እንመዝናቸዋለን። እየቀለሉ ነው። እንደታሰበው ሳይቆራረጡ፣ ከዳር እስከ ዳር እኩል እየሳሱ ይጠፋሉ። ያየው ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ ይለኛል፤ እኔም አመሰግናለሁ እላለሁ።

ባለፈው ወር ለመለጠጥ ልኬቱ ጅማ ሄድኩ። ማሽኑ ላይ የሚሠራው ሰው ናሙናዎቼን አንድ በአንድ እያነሳ ያያል። ከሁሉም ለብቻዋ በክብ የመስታወት ሳህን ያለችዋን አነሳ። ከዚያ ቀን ወዲህ እሷን ከቦርሳዬ አውጥቼ አላውቅም፤ ከሌሎቹ ጋር ጠረጴዛው ላይ እንዴት እንዳስቀመጥኳት አላውቅም።

“ይቺ ከዚህ በፊት ተስባለች?” አለኝ። “አንዴ የተሳበ ናሙና ትክክለኛ ቁጥር አይሰጠንም።”

“ተስባለች” አልኩት።

“በየትኛው ማሽን?”

“በማሽን አይደለም። ወንድሜ ነው የሳባት።”